ቆማ የምትጓዘው ላንድሮቨር

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 19 ቀን

ለታላቅ እህቴ፣ ለእህትዓለም፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ፣ ወገብሽ፣ ያ በሳሙና ብዛት የሚሰነጣጠቀው እጅሽ እንዴት ነው? እመቤትሽስ ፀባይዋ ተሻላት ወይስ አሁንም የማቀዝቀዣውን በር ትቆልፋለች? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት። ጊደሯ ደህና ናት። ዶሮዎቹም ከአንዷ በቀር ደህና ናቸው፤ አንዷን በላናት። እኔም ያው እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ የጨመርኩት ነገር ቢኖር ቁመት ብቻ ነው። ሰላምታችን ከሰቆጣ ድንጋይ ይብዛልሽ። እሱ ካነሰሽ ከአያ ምንዋጋው ምክር ይብዛልሽ፤ ከዚያ በላይ የበዛ ነገር እዚህ አገር የለም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን ማለት ነው እንደምትይ አውቃለሁ። ስልኬን አያ ምንዋጋው ወስደውታል። የአባባ ታላቅ ወንድም መሆን ሹመት መስሏቸው ይሄን ልጅ ስልክ አታስይዙት፣ አፉ አያርፍም፣ ድምፁም ያሳብቅበታል ብለው ለቤተሰቡ ሁሉ አዋጅ አወጡ። የእማዬም ስልክ ተበላሽቷል በል ተብያለሁ። ስለዚህ ተበላሽቷል። ደብዳቤውን የነኪዳኑ እህት ሠርካለም ወደ ኩዌት ስትመለስ ታደርስልሻለች። ከመታሸጉ በፊት እኔው ለአያ ምንዋጋው እንዳነብላቸው ታዝዣለሁ፤ እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። አነብላቸዋለሁ። ሁሉንም ግን አላነብላቸውም። የዘለልኩት የትኛው እንደሆነ አንቺ ስታነቢው ይገባሻል።

ለአክስታችን ልጅ ለዮርዳኖስ በላክሽው የድምፅ መልእክት የጠየቅሽውን ሁሉ አሰምታኛለች። በተራ በተራው ልመልስልሽ።

ፎቶው ላይ ራሴ የተላጨው በቅማል ነው። አትሳቂ። አያ ምንዋጋውም ተላጭተዋል፣ የአጎቶቻችን ልጆችም ተላጭተዋል። ዘመድ የምትመርጥ ቅማል ናት።

ከኋላዬ የሚታየው ድንኳን የማኅበር ነው። ማኅበሩ ሦስት ቀን ፈጀ። ብዙ ሰው መጣ። ከጽጽቃ የመጣ አለ፣ ከኒሯቅ በእግሩ የመጣ አለ፤ አባባ ያኔ በወባ መሥሪያ ቤት መኪና ሲዞር ያውቁት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ንፍሮ በልተው ሄዱ። እኔ ውኃ አቀብል ነበር። አንዱ ሽማግሌ ውኃውን ተቀብሎ፣ ሊጠጣው ሲል ፊቱ ላይ አፍስሶት፣ እንደገና ጨምርልኝ አለኝ። ጨመርኩለት። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ድሮ ለአንድ ወር የሚበቃኝ ቀልድ አወጣ ነበር። ምንም አልመጣልኝም። አሁን ዝም ብዬ ስቀመጥ ሰው ሁሉ ጫማውን እያራገፈ ነው የሚያጠልቀው፤ እንቁራሪት ያስገባሁበት እየመሰለው።

ሦስተኛው ጥያቄሽ፣ አባባ ለምን ስልክ አያነሳም ያልሽው ነው። ተቀይሞኝ ነው ብለሽ ለዮርዳኖስ አልቅሰሻል አሉ። አልተቀየመሽም። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ እውነት ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይሄን ያዢ። እንዴት እንዳልተቀየመሽ ለመንገር ግን ስለ ሸጌ ማውራት አለብኝ። ሸጌን እንደማትወጃት አውቃለሁ፤ ታገሽኝ።

አንቺ በሄድሽ በዓመቱ አባባ ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ሰዓት ሸለመው። የእሱ ዓይን ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲነዳት በኖረችው፣ ግቢው ጥግ ተጥላ ሣር በበቀለባት ላንድሮቨር ላይ ነበር። ሐራጅ ሲወጣባት ከእሱ በቀር እጁን ያነሳ አልነበረም። ሻጮቹ ራሳቸው አፍረው አባቴ አስበህበታል ወይ አሉት አሉ። በገመድ ተጎትታ ቤታችን ገባች፤ ሸጌ ብሎ ስም አወጣላት። በወሩ ደግሞ ከኮረም በአይሱዙ ጭኖ ሁለተኛ ላንድሮቨር አመጣ፤ ሞተሩ የነቀዘ፣ በሩ የሌለው። ይሄ ለመለዋወጫ ነው አለ። እኔ ድርቆሽ አልኩት፤ ሸጌ አንድ ነገሯ በተሰበረ ቁጥር ከእሱ እየተገመጠ ይሰጣታል። ስሙ ጸንቶ ቀረ። ዶሮዎቹ የሚጥሉት ድርቆሽ ውስጥ ነው።

ወጪዋን አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። ጎማ ሲቀየርላት እኛ ጫማ አንቀይርም። ቤንዚን በውኃ መያዣ ፕላስቲክ እየተሸጠ ከማር ሲወደድ፣ አባባ እንደ ጠበል አጣርቶ ነው የሚቀዳላት። ባሌስትራዋን ወልድያ ድረስ ሄዶ፣ ተሸክሞት በአውቶቡስ መጣ፤ ለብረቱም ወንበር ከፍሎለት። እማዬ ጣውንቴ ትላት ነበር። ለእኔ ሻሽ ያልገዛ ሰው ለእሷ ምንጣፍ ያነጥፍላታል፣ ጧት ተነስቶ እኔን እንዴት አደርሽ ሳይል የእሷን ዘይት ያያል ብላ ለንስሐ አባቷ ከሳዋለች። ንስሐ አባቷም መጥተው ሊመክሩት ገብተው፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ምቾቷን አድንቀው ወጡ።

ደስታዋን ግን አታውቂውም፤ ከኩዌት አይታይም።

ቤንዚን በጠፋበት ጊዜ ነው የተጀመረው። አባባ፣ ጋሽ ቅጣው የድሮው አስተማሪ፣ አሥራተ ማርያም የድሮው ድሬሰር፣ ሦስቱ ጡረተኞች፣ ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን ለብሰው ይመጡና ሸጌ ውስጥ ይገባሉ። ሞተር አይነሳም። አባባ መሪውን ይይዛል፤ ዛሬ ወዴት ነን ይላል። ጽጽቃ ይላሉ። በሩ ይዘጋል፣ ጉዞ ይጀመራል። ማርሽ ይቀይራል። ዳገቱ ላይ ዝም ይባላል፣ ሸጌ እንዳትደክም። ኩርባ ላይ ጋሽ ቅጣው ቀስ በል፣ እዚህ ጋ በሰባ ስምንት መኪና ገደል ገብቷል ይላል። ፍየል ሲያቋርጥ ፍሬን ይያዛል፣ ሦስቱም ወደ ፊት ያጎነብሳሉ። ወደ ኒሯቅ የሚሄዱ ቀን ደግሞ እንዴት እንደሚያደርጉ ልንገርሽ፤ ቁልቁለቱን ሲጨርሱ የቆላው ሙቀት አለ ብለው ኮታቸውን ያወልቃሉ። የሰቆጣ ብርድ ጥርስ እያንገጫገጨ፣ በሸሚዝ። አሥራተ ማርያም ሂሳቡን በቆሎ ይከፍላል። አባባ ቆሎውን ቆጥሮ መልስ ይሰጠዋል።

እኔ ያን አይቼ ዝም ልል ነው? የዝናብ ካፖርት ለብሼ፣ ፊሽካ ነፍቼ፣ ትራፊክ ሆኜ አስቆማቸዋለሁ። መንጃ ፈቃድ እላለሁ። አባባ ፊቱን ሳይፈታ እውነተኛውን መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ይሰጠኛል። ትርፍ ጭነሃል ብዬ ጋሽ ቅጣውን አስወርዳለሁ። ጋሽ ቅጣው በስምንተኛ ክፍል በሒሳብ የጣለኝ አስተማሪ እንደሆነ እንዳትረሺ። ሰውየው ወርዶ፣ ድርቆሽ ላይ ተቀምጦ፣ እስኪመለሱ ይጠብቃል።

አሁን የማነብላቸውን ጨርሻለሁ። ከዚህ በታች ያለውን አያ ምንዋጋው አይሰሙትም።

በሐምሌ ስልክ ላይ ከአባባ ጋር የተጣላችሁ ቀን አጠገቡ ነበርኩ። ለቤቱ ቆርቆሮ ብለሽ የላክሽው የሸጌ ፍሪሲዮን ሆኖ ስታገኚው፣ ከእኔና ከብረቱ ምረጥ አልሽው። እሱ ምንም ሳይል ስልኩን ለእማዬ ሰጣት። አንቺ ዝም ሲል መረጠ ብለሽ ዘጋሽ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ጊዜ እሱን አልጠየቅሽውም።

በማግስቱ ገበያ ወጥቶ እንዳለው የሚባለውን ኮርቻ ሠሪ ይዞት መጣ። የፊቱን ወንበር፣ የተሳፋሪውን፣ አስለካው። እንደ ሙሽራ በቅሎ ኮርቻ በቀይ ቆዳ ይሰፋልኝ አለ። ጋሽ ቅጣውንና አሥራተ ማርያምን ከእንግዲህ ሁለታችሁም ኋላ ናችሁ አላቸው። ጋሽ ቅጣው አኩርፎ ሁለት ቀን ጽጽቃ አልሄደም። ለማን ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ ሚስት ልታገባ ነው ወይ አልኩት። መጀመሪያ በኽምጥኛ ሰደበኝ። ከዚያ ቆይቶ የነገረኝን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤

«ስድስተኛ ክፍል ሳለች፣ በዝናብ፣ ደብተሯን በነጠላዋ ሸፍና መንገድ ዳር ስትሄድ አልፌያታለሁ። አየችኝ። የመንግሥት መኪና ላይ ልጅ አይሳፈርም። አሁን መኪናዋ የእኔ ናት፤ ለጥምቀት ስትመጣ ከላሊበላ ራሴ አመጣታለሁ። ተቀምጣባት ትፍረድ።»

እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። አንቺም ነግረሽኝ አታውቂም። ትዝ ይልሽ እንደሆነ ደግሞ አላውቅም፤ እሱ ግን ይዘንብ የነበረውን ዝናብ እንኳ የት ጋ እንደጀመረ ነገረኝ።

ወንበሩ በመስቀል ሰሞን አለቀ። አቧራ እንዳይነካው ላስቲክ አለበሰው። አንዲት ጥግ ስፌቷ ትንሽ ለቃ ነበርና እኔው እጨርሳታለሁ ብሎ ወስፌውን ከእንዳለው ተቀበለ።

እንግዲህ ስለ ክላክሱ። ክላክስ ለአባባ ስልኩ ነበር። አንድ አጭር ከሆነ ውኃ አምጣ ነው። ሁለት ከሆነ ና ግፋ ነው። አንድ ረጅም፣ የማያቋርጥ፣ ከሆነ ሮጠህ ድረስ ነው። ያን ረጅሙን መጀመሪያ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ፊቱን በሳሙና እየታጠበ ሳለ ሸጌ ውስጥ ገብቼ ለቀቅኩት። በባዶ እግሩ፣ አረፋው ከጢሙ እየተንጠባጠበ፣ መኪናዬን ሌባ ብሎ ወጣ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እሱም ተበቀለኝ። ረጅሙን ይለቀዋል፤ ከየትም ብሆን እየሮጥኩ እመጣለሁ፤ እያለከለክኩ በሩ ላይ ስቆም፣ እግርህ ይሠራ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው ይለኛል። ስድስት ለሁለት ይመራኝ ነበር።

መስከረም ሃያ ሰባት፣ መድኃኔዓለም፣ አባባና እማዬ ከቅዳሴ ተመልሰው ነበር። እኔ ከቤታችን ማዶ ፑል ቤት ነበርኩ። አራት ሰዓት አካባቢ ረጅሙን ሰማሁት። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እግሬን ሊያይ ነው አልኩ። ሳቁ። ሁለት ኳስ ቀርቶኝ ነበር። ዛሬስ አልሮጥለትም፣ ስድስት ለሦስት አደርገዋለሁ አልኩ። ጥቁሯን ኳስ ከትቼ ጨዋታውን አሸነፍኩ። እንጨቱን ቦታው ሰቀልኩት። ክላክሱ አላቋረጠም። መጀመሪያ ሰው ይሳደብ ነበር፣ በኋላ ክላክሱ ብቻ ቀረ። እየተራመድኩ ሄድኩ። ስደርስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ወስፌው ከወንበሩ ላይ ተሰክቶ ነበር። አሥራተ ማርያም ከመሪው ላይ ቀና ሲያደርገው ነው ክላክሱ ያቆመው።

የሸጌ ባትሪ ያን ቀን ነው ያለቀው። እስከ አሁን አልሞላነውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልሽም። ልጽፈው አልቻልኩም ብል ውሸት ነው፤ እጄ ይጽፋል፣ ምንም አይልም። አያ ምንዋጋው ግን አንድ ነገር ተናግረዋል፤ ሁልጊዜ የማይረባ አይናገሩም። ወረቀት ሰው አይደግፍም አሉ። በሰው አገር፣ በሰው ኩሽና፣ ብቻዋን ቆማ ነው የምታነበው አሉ። እኔም ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ ተቀምጠሽ ካልሆነ የምታነቢው ተቀመጪ።

እማዬ አሁን ሸጌን ጧት ጧት ታጥባታለች። ጣውንቴ ስትላት የነበረችውን። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ነው የምታጥባት፤ ጥቁር ቆሻሻ አያሳይም ትላለች። ጋሽ ቅጣውና አሥራተ ማርያም ዛሬም ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ኋላ ይቀመጣሉ። ወዴት ነን የሚላቸው ስለሌለ የትም አይሄዱም። ትናንት ካፖርቴን ለብሼ መንጃ ፈቃድ አልኳቸው። ጋሽ ቅጣው ሹፌር የለም ልጄ አለኝ። እኔም እሺ እለፉ አልኳቸው።

የመጨረሻው ጉዳይ ይሄ ነው፤ የምፈልግሽም ለእሱ ነው። አምና ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አሮጌ መኪና ለሠርግ የሚያከራይ ሰውዬ ነበር። ሸጌን ዞሮ ዞሮ አይቶ ክላሲክ ናት፣ ዋጋ ጥራ ብሎት፣ አባባ ስሟ ሸጌ ነው፣ በል ግፋ ብሎ እስከ አደባባዩ አስገፍቶት ነበር። ሰውየው አሁን ሰምቶ ተመልሶ መጣ። ኅዳር ስድስት ቤታችን ትልቅ ድግስ አለ። አያ ምንዋጋው ወንድሜን በትንሽ ድግስ አላሳፍረውም፣ መኪናዋ ትሸጥ ብለዋል። ክፋት የላቸውም። እማዬ ልጄ ሳትመጣ አትሸጥም አለች፤ ቀስ ብላ ስለተናገረች ግን ማንም አልሰማትም። ሰውየው በመኪና አልጎትታትም፣ በራሷ ሞተር እየነዳሁ፣ ቪዲዮ እያስቀረጽኩ ነው አዲስ አበባ የምገባው ብሎ ምሏል። እኔም ሲምል ሰማሁና ደስ አለኝ። ቢያንስ ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አወቅሁ።

ሠርካለም ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለች፣ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ ትሰጥሻለች። ቆሻሻ መስላሽ እንዳትጥያት። ለካንዴላዎቹ እሳት የምታከፋፍለው እሷ ናት፤ ያለ እሷ ሸጌ እስከ ምጽአት ብትገፋ አትነሳም። የድርቆሽንም አውጥቼ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጥያታለሁ፤ የሰውየው መካኒክ ይግባና ይፈልጋት። አያ ምንዋጋው ብረቷ አዝናለች፣ እንቢ አለች እያሉ ለሰው ይናገራሉ። እኔም አዎ፣ አዝናለች እላለሁ። እህትዓለም፣ ሸጌ አሁን ኩዌት ናት። ትሸጥ ካልሽም አንቺ ራስሽ አምጥተሽ ሽጫት፤ ቆርቆሮሽም ከዚያ ይወጣል። ሳትቀመጪባት ግን አትሸጥም። ከዚህ በፊት የሠራሁት ቀልድ ሁሉ ለዚህ መለማመጃ ይመስለኛል።

ለጥምቀት ስትመጪ ላሊበላ አየር ማረፊያ ኪዳኑ በሚኒባስ ይጠብቅሻል። መንገድ ላይ ብዙ አትጠይቂው፤ መዋሸት አይችልም፣ ያስመልሰዋል። ሰቆጣ ስትገቡ በቀጥታ ወደ ቤት አይደለም የምትመጪው። አክስታችን እታለም ዘንድ ትወርጃለሽ፣ እዚያ ታድሪያለሽ። እራት ብዪ። ጎሕ ሲቀድ ሰዎች ይመጣሉ። አያ ምንዋጋው ከፊት ይሆናሉ። ለምን እንደመጡ አንቺም እንደማታውቂ ሁኚላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ብዙ ተጨንቀውበታል። እኔ ከኋላ ነኝ። ሲጀምሩ መጥቼ አጠገብሽ እቆማለሁ። ያን ቀን እሮጣለሁ።

ሌላው ካበቃ በኋላ ጥቁሯን ፕላስቲክ ቦታዋ እንመልሳታለን። ባትሪ ስለሌላት ከፊቷ በእጅ በሚዞረው ማኖቬላ አነሳታለሁ። የወንበሩ ላስቲክ እንዳለ ነው፤ አንቺ ነሽ የምታነሺው። የቀረችውን ስፌት ኮርቻ ሠሪው እንዳለው ልጨርሳት ብሎ ነበር፤ ተዋት አልኩት።

መድኃኔዓለም ከሰው እጅ ይጠብቅሽ። የእመቤትሽን ልብ ያራራልሽ፣ ማቀዝቀዣዋንም ይክፈትልሽ። እናታችን እጅሽን ትስማለች፣ ቅባት ቀቢው ትልሻለች። ጋሽ ቅጣውና አሥራተ ማርያም ከኋላ ወንበር ሆነው ሰላም ይሉሻል። በሰላም ግቢ፤ እኛንም ቆመን ያቆይልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ

ልረሳው ነበር። የአባባን የጫማ ቁጥር ጠይቀሻል። በእኔ ቁጥር ግዢው፤ አርባ ሁለት።